የሰመጠው ሸንተረር፦ ባሕሩ ሞልቶ ነው ወይስ አለቱ ወርዶ?

ጥያቄው ጎንደር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ከሚያስተምሩ አንባቢ የመጣ ነው። «ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ናይንቲ ኢስት ሪጅ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሸንተረር አለ። ድሮ ከባሕር በላይ እንደነበረና ዕፅዋት እንደበቀለበት አነበብኩ፤ ዛሬ ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ውኃ ተኝቶበታል። ለተማሪዎቼ የበረዶ ግግር ቀልጦ ባሕሩ ስለሞላ ነው ብዬ አስረዳሁ። አንድ ተማሪ ደግሞ ‹ከብዶ ከሥሩ ባለው ቅልጥ አለት ውስጥ ስለገባ ነው› አለ። ማናችን ነን ልክ? የሰሜን ተራሮችስ እሳተ ገሞራ የሠራቸው ስለሆኑ አንድ ቀን ይሰምጣሉ ወይ? ክፍል ውስጥ በሒሳብ ላሳየው የምችለው ነገር ካለም ይጠቁሙኝ» ይላሉ።

የባሕሩ መሙላት ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ የበረዶው ዘመን ሲከፋ፣ የባሕር ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ግሪንላንድና አንታርክቲካ ላይ ያለው በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የሚጨምረው ከ70 ሜትር አይበልጥም። ሁለቱ ተደምረው 200 ሜትር አይሞሉም። ሸንተረሩ ግን የወረደው ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የወረደው አለቱ ራሱ ነው፤ ባሕሩ ቦታውን ተከትሎ ሸፈነው እንጂ አላሰመጠውም።

ተማሪዎ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ክብደት የመሬትን ቅርፊት ወደ ታች ያጎብጣል፤ ይህ እውነት ነው። ስሕተቱ «ቅልጥ አለት ውስጥ ገባ» የሚለው ላይ ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል ጠጣር አለት ነው፤ የሚቀልጠው በተወሰነ ቦታ ጥቂቱ ብቻ ነው። ጠጣር ሆኖ ግን በጣም ስለጋለ በሺዎችና በሚሊዮኖች ዓመት ሲታይ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ሰሌዳ ላይ ከቅርፊቱ ሥር ቀይ ፈሳሽ ባሕር የሚሥሉ ከሆነ ያንን ሥዕል ይተዉት። ተማሪው አንዴ ከያዘው ከዚያ በኋላ የሚማረውን ሁሉ ያጣምምበታል።

መጀመሪያ ግን ሸንተረሩ ከባሕር በላይ እንደነበር በምን ይታወቃል የሚለውን ማስረዳት ይገባል፤ ያለዚያ ቀሪው ተረት ይመስላል። ሸንተረሩ 90 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን ተከትሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የምርምር መርከብ በ1972 እ.ኤ.አ. ስትቆፍረው፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ውኃ በተኛበት አንድ ቦታ ላይ ከባሕር ደለሉ ሥር ሊግናይት፣ ማለትም ገና ያልጠነከረ የድንጋይ ከሰል፣ ከባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ ከሚሠራው ጥቁር አለት) ጋር ተነባብሮ ተገኘ። በውስጡም የየብስ ዕፅዋት የአበባ ብናኝ ነበረበት። ዕድሜው ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ሊግናይት ጥልቅ ባሕር ውስጥ አይፈጠርም፤ ዕፅዋት እየበቀለ፣ እየወደቀና ውኃ ውስጥ እየተቀበረ የሚቆይበት ረግረግ ይፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ የለብዎትም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ጭልጋ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ገብቶ የተቀመጠ ሊግናይት አለ። ዕድሜው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የዕፅዋት ቅሪትና የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንት ወጥቷል። ሁለቱ ቦታዎች ላይ ዓይነቱ አንድ ነው፤ ላቫ ፈሰሰ፣ በመሃል ረግረግ ተኛ፣ ዕፅዋት በቀለ። ልዩነቱ የጭልጋው ዛሬም የብስ ላይ መሆኑና የሕንድ ውቅያኖሱ ከውኃ በታች መውረዱ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ከአለቶቹ ሥር ያለው መሠረት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ማስረጃ በእጅ የሚያዝ ነው። በከተማዎ ዙሪያ ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ጥቁር ድንጋይ ፈልገው ክፍል ይዘው ይግቡ። ቀዳዳዎቹ ላቫው ውስጥ የነበረ ጋዝ አረፋ ሆኖ ሲወጣ የቀሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በኋላ በነጭ ማዕድን ተሞልተው ይታያሉ። አየር ላይ የፈሰሰ ላቫ ግፊት ስለማይጫነው አረፋው ይሰፋል። 1,000 ሜትር ውኃ ሥር የፈሰሰ ላቫ ግን 100 አትሞስፌር ያህል ግፊት ስላለበት ጋዙ በአብዛኛው እዚያው ውስጡ ታምቆ ይቀራል፤ ቀዳዳዎቹም ያንሳሉ፣ ይጠባሉ። ከዚህም ሌላ ውኃ ውስጥ የፈሰሰ ላቫ ዙሪያው በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ እንደ ትራስ እየተድበለበለ ይቆለላል፣ ቆዳውም መስታወት ይሆናል። አየር ላይ የፈሰሰው አናቱ ዝጎ ቀይ አፈር ይይዛል። ከጥልቅ ባሕር የወጣ አለት ላይ ሰፊ ቀዳዳና ቀይ አፈር ከታየ አለቱ ሲወለድ እዚያ ጥልቀት ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ምክንያቶቹ ስንመጣ፣ መጽሐፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ዓይነት የባሕር ሥር ሸንተረሮች አሉ። አንደኛው ፕሌቶች (የምድር ጠጣር ውጫዊ ክፍል የተከፋፈለባቸው ግዙፍ ሰሌዳዎች) የሚለያዩበት የመካከለኛ ውቅያኖስ ሸንተረር ነው። የዚህ አናት አይሰምጥም፤ ሁልጊዜ አዲስ ትኩስ አለት ስለሚወጣለት 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይቆያል። የሚሰምጠው ከአናቱ ተነሥቶ ግራና ቀኝ የሚርቀው ወለል ነው። ሁለተኛው ፕሌቱ ከማንትል በሚነሣ ትኩስ ዓምድ ላይ ሲያልፍ በላዩ ላይ የተወጋው የእሳተ ገሞራ መስመር ነው፤ ሃዋይና የርስዎ ናይንቲ ኢስት ሪጅ የዚህ ናቸው። የኋለኛውን የሠራው ዛሬ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ በከርጌለን ደሴቶች አካባቢ የሚገኘው ዓምድ ሲሆን፣ ዕድሜው በደቡብ ጫፍ 43፣ በሰሜን ጫፍ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የዚህኛው ዓይነት ሸንተረር አናቱም ሥሩም አብረው ይወርዳሉ።

ዋናው ምክንያት መቀዝቀዝ ነው። አዲስ የውቅያኖስ ወለል ሲወለድ ትኩስ ነው፤ ትኩስ አለት ሰፊ ቦታ ይይዛል። ዕድሜው ሲገፋ ከላይ ወደ ታች እየቀዘቀዘ ይኮማተራል፣ እፍግታው ይጨምራል፣ ይወርዳል። መጠኑን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። 100 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው አለት በአማካይ በ650 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢቀዘቅዝ፣ የአለት መስፋፋት መጠን ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.00003 ስለሆነ፣ 100 × 0.00003 × 650 = 1.95 ኪሎ ሜትር ያጥራል። በተፈጠረው ጉድጓድ ላይ ውኃ ይገባና ይጫነዋል፤ ውኃው የሚጨምረው ክብደት ውጤቱን በ1.45 ያባዛዋል፤ 2.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሮጌ የውቅያኖስ ወለል ከ5,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተገኘው በዚህ ነው፤ 2,500 የመነሻው፣ 2,800 የመቀዝቀዙ።

በ1977 እ.ኤ.አ. የባሕር ወለል አጥኚዎቹ ባሪ ፓርሰንስና ጆን ስክሌተር ይህን በአንድ መስመር አስቀመጡት፦ ጥልቀት በሜትር = 2,500 + 350 × √ዕድሜ፣ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመት። በዚያው ዓመት ሮበርት ዴትሪክ፣ ስክሌተርና ዮርን ቲዴ የእሳተ ገሞራ ሸንተረሮችን ከቁፋሮ ናሙናዎች ጋር አነጻጽረው፣ እነርሱም በመሠረቱ ከተቀመጡበት ወለል ጋር በተመሳሳይ ፍጥነት እንደሚወርዱ አሳዩ። የስኩዌር ሩቱ ትርጉም ለተማሪ እንዲህ ይነገር፦ የመጀመሪያው 350 ሜትር በ1 ሚሊዮን ዓመት ይወርዳል፣ ሁለተኛው 350 በ3 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው በ5 ሚሊዮን። መስመጥ በወጣትነት ፈጣን ነው፤ በእርጅና ይዘገያል።

ሁለተኛው ምክንያት ተማሪዎ ያነሣው ክብደት ነው፤ ይህን በደንብ የሚያሳየው ሃዋይ ነው። የሃዋይ ትልቁ ደሴት የተቀመጠበት ወለል ወደ 90 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ አሮጌና የቀዘቀዘ ስለሆነ በመቀዝቀዝ የሚወርደው ኢምንት ነው። ሆኖም በደሴቱ ላይ ባለችው በሂሎ ከተማ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከባሕር ወለል በታች እስከ 1,000 ሜትር አልፎ ድረስ አየር ላይ የፈሰሰ ላቫ አገኘ። በረጅም ዘመን አማካይ በዓመት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርዳለች ማለት ነው። በደሴቱ ላይ ያለው ማውና ሎዋ የተባለ እሳተ ገሞራ ከባሕር በላይ 4,169 ሜትር ይቆማል፤ ከውቅያኖሱ ወለል ሲለካ ግን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ በክብደቱ የተጫነውን የወለል ጉድጓድ ስንጨምር ከሥሩ እስከ አናቱ 17 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፕሌቱ የሚጎብጠው ሰው እንደተኛበት የጠፍር አልጋ ነው፤ ከሰውየው ሥር ብቻ ሳይሆን በዙሪያውም ይረግባል፣ አጠገቡ የተቀመጠውንም ይዞ ይወርዳል። ለዚህ ነው አዲስ እሳተ ገሞራ ሲያድግ ጎረቤቱ የሆነው አሮጌ ደሴት አብሮ የሚሰምጠው። ይህ መስመጥ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቅልጡ መፍሰሱን ካቆመና ጭነቱ መጨመሩ ከቀረ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ይረጋጋል። ስለዚህ የ60 ሚሊዮን ዓመት ታሪክን በክብደት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ከትኩሱ ዓምድ መራቅ ነው። በሃዋይ ዙሪያ ያለው የውቅያኖስ ወለል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋ ቦታ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ያበጠ ነው። ፕሌቱ ደሴቱን ተሸክሞ ከእብጠቱ ሲወርድ ደሴቱም ይወርዳል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ መሸርሸርና የተራራ ጎን መናድ አናቱን ቢያሳጥሩትም መስመጥ አይባሉም። ማዕበል አናቱን ከላገው በኋላ የሰመጠ ተራራ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ የጂኦሎጂ ሊቁ ሃሪ ሄስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመርከቡ የጥልቀት መለኪያ ያያቸውና ጊዮት ብሎ የሰየማቸው እነዚህ ናቸው። ውኃው ሞቃት ከሆነ ደግሞ ኮራል በላዩ እያደገ ይከተለዋል። ቻርልስ ዳርዊን በ1842 እ.ኤ.አ. ይህንን ሐሳብ ሲያቀርብ ማረጋገጫ አልነበረውም፤ በ1952 እ.ኤ.አ. በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለው ኤኒዌታክ አቶል (ቀለበት በመሰለ የኮራል ደሴት) ላይ ሲቆፈር ከ1,200 ሜትር በላይ የኮራልና የኖራ ድንጋይ ታልፎ ባዛልት ተገኘ። ኮራል ብርሃን ያለበት ውኃ ውስጥ ብቻ ስለሚያድግ፣ ያ ሁሉ ውፍረት ሥሩ እየወረደ ካልሆነ በቀር አይጠራቀምም።

አሁን ለክፍልዎ የሚሆነው ሒሳብ። ካልኩሌተር ብቻ ይበቃል። የውኃው ጥልቀት 1,700 ሜትር፣ ከባዛልቱ በላይ የተኛው ደለል 400 ሜትር፣ የባዛልቱ ዕድሜ 60 ሚሊዮን ዓመት እንበል። መጀመሪያ ደለሉ ይነሣል። ደለል ራሱ ከባድ ስለሆነ ወለሉን ተጭኖታል። እፍግታውን ደለል 1.9፣ የባሕር ውኃ 1.03፣ ማንትል 3.3 ብለን ስንወስድ (1.9 − 1.03) ÷ (3.3 − 1.03) = 0.38 ይሆናል፤ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ደለል ወለሉ 38 ሜትር ወርዷል። 400 ሜትሩ ሲነሣ አለቱ 152 ሜትር ይመለሳል። ስለዚህ የባዛልቱ ትክክለኛ የመስመጥ ጥልቀት 1,700 + 400 − 152 = 1,948 ሜትር ነው።

ቀጥሎ ቀመሩ ይገባል። 2,500ው እዚህ አይደመርም፤ እርሱ የመካከለኛ ውቅያኖስ ሸንተረር አናት ጥልቀት ነው፣ የኛ ሸንተረር ግን ከባሕሩ የውኃ ወለል ላይ ነው የጀመረው። 350 × √60 = 2,711 ሜትር። ከተለካው በ760 ሜትር በለጠ። ተማሪዎች እዚህ ላይ «ቀመሩ ስሕተት ነው» ይላሉ፤ ትምህርቱ ያለው ግን ከዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ከሥሩ የነበረው ወለል አዲስ ካልሆነ፣ ፈጣኑን የወጣትነት መስመጥ ቀድሞ ጨርሶታል። ወለሉ 7 ሚሊዮን ዓመት ቀድሞት ከነበረ ስሌቱ 350 × (√67 − √7) = 350 × 5.54 = 1,939 ሜትር ይሆናል፤ ከተለካው ጋር ይገጥማል። ሌላም መልስ አለ፤ ረግረጉ ከባሕር ወለል በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረ ያው ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ሒሳብ አይደለም፤ ናሙናው ነው። ከሊግናይቱ በላይ ወዲያው ጥልቀት በሌለው ባሕር የተከማቸ ደለል ከተገኘ፣ ረግረጉ የነበረው የባሕር ዳር ላይ ነው፤ ሁለተኛው መልስ ይወድቃል። ናይንቲ ኢስት ላይ የተገኘውም እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል ነው።

በዚህ ስሌት ላይ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ነው። የእሳተ ገሞራውን ዕድሜ ከሥሩ ካለው ወለል ዕድሜ ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ የመጀመሪያው ነው፤ በሃዋይ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ፍጹም የማይሆን ቁጥር ያገኛል። ሁለተኛው ቀመሩን ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ መጎተት ነው። ለ100 ሚሊዮን ዓመት 6,000 ሜትር ይሰጣል፤ እውነተኛው ግን ወደ 5,500 ይጠጋል፣ ምክንያቱም አሮጌ ፕሌት ከሥሩ ሙቀት እያገኘ መቀዝቀዙን ያዘገያል። ሦስተኛው ዓምዱ ወለሉን ዳግም ማሞቁን መርሳት ነው፤ የሞቀ ወለል ከልደቱ ቀን ይልቅ ወጣት ሆኖ ይሠራል። በእነዚህ ምክንያት መልሱን እስከ ሜትር ሳይሆን ወደ ቅርብ 100 ሜትር አጠጋግተው እንዲጽፉ ያድርጉ።

ስለ በረዶ መቅለጥ ያስተማሩት ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፤ ጊዜው ነው የተደበላለቀው። ማልዲቭስ የተቀመጠችው ወደ 57 ሚሊዮን ዓመት ባለው የእሳተ ገሞራ ሸንተረር ላይ ሲሆን፣ ባዛልቱ ዛሬ ከ2 ኪሎ ሜትር ገደማ የኖራ ድንጋይ ሥር ነው። በአማካይ በዓመት 0.04 ሚሊ ሜትር እንኳ አልወረደም። ዛሬ የዓለም ባሕር ወለል በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይነሣል፤ መቶ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። የሸንተረሩን የሚሊዮኖች ዓመት ታሪክ የወሰነው መቀዝቀዝ ነው፤ የዛሬዎቹን ደሴቶች ነዋሪ የሚያሰጋው ግን የባሕሩ መነሣት ነው። ሁለቱን በአንድ ትምህርት ውስጥ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ጥሩ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት ግን አይገባም።

የሰሜን ተራሮች እንደ ናይንቲ ኢስት አይሰምጡም። አለታቸው ተመሳሳይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ባዛልት ፈሰሰ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተቆለለ፣ በላዩም የሰሜኑ ታላቅ እሳተ ገሞራ አደገ። ነገር ግን ከሥሩ ያለው የአህጉር ቅርፊት ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ ከውቅያኖስ ቅርፊትም ይቀላል። የውቅያኖሱ 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከደጋው ሥር ያለው ማንትል ዛሬም ትኩስ ስለሆነ ደጋውን ደግፎ ይዞታል። ባዛልቱ ቅርፊቱን በክብደቱ መጫኑ አልቀረም፤ ያ ግን ያኔ የተጠናቀቀ ነው። የሰሜን ተራሮችን ዝቅ የሚያደርጋቸው ወንዝ ነው። ይህም ተማሪን የሚያስገርም ጎን አለው፦ ተከዜና ገባሮቹ ሸለቆውን እየቆፈሩ አለት ባወጡ ቁጥር ጭነቱ ይቀልና ቅርፊቱ ጥቂት ይነሣል። ራስ ዳሸንን የመሰለ ጫፍ በዙሪያው ያለው ሲሸረሸር እርሱ በጥቂቱ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። «ይሰምጣሉ ወይ» ለሚለው መልስዎ «አይሰምጡም፤ ይሸረሸራሉ» ይሁን።

የምመክርዎ ቁርጥ ያለ ነው። «ባሕሩ ሞልቶ» የሚለውን ማብራሪያ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያስተካክሉት፤ ለሳምንት አያሳድሩት። መቀዝቀዝን በዋናነት ያስተምሩ፣ ክብደትን የወጣት ደሴቶች ምክንያት አድርገው፣ ከዓምዱ መራቅን በሦስተኛነት ያክሉ። ተማሪዎ ያለውን ግን አይጣሉበት፤ ሃዋይን እንዲያስረዳ ይስጡት። ሒሳቡን ሲያሠሩ የደለሉን ማስተካከያ አይዝለሉ፤ እርሱ ከተዘለለ ቀጣዩ ንጽጽር ሁሉ ይዛባል። የውቅያኖስ ሸንተረር አገር ውስጥ የት ይታያል ብለው ከጠየቁዎት ደግሞ የሰሜን ተራሮችን ሳይሆን አፋርን ያሳዩ። እዚያ ቅርፊቱ እየተሳሳ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞልቶ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል፤ የደናክል ዝቅተኛ ቦታም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዷል። ካርታ ላይ የኤርታሌን የእሳተ ገሞራ መስመር በማስመሪያ ተከትለው እስከ ቀይ ባሕር ማህል ያለው ጥልቅ ቦይ ድረስ አቅጣጫውን እንዲያነጻጽሩ ያድርጉ፤ ለዚህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ይበቃል።